በሕፃን እግር ሲለካ፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ

  እኔ የ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ያሳለፍኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ከበዓሉ በኋላም ቶሎ አልተመለስኩም፤ ከተማዋንና ዙሪያዋን ስዞር ሰነበትኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶልኛል። ጎጃም ደግሞ በነርስነት ያገለገልኩበት፣ የክትባት ሣጥን በበቅሎ አስጭኜ የዞርኩበት አገር ስለሆነ መንገዱም ሰዉም አይጠፋኝም።

ዙሪያዬን ያየሁት ግን ለሽርሽር ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር ለውይይት ያቀረበውን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በየሻይ ቤቱና በየለቅሶ ቤቱ የተወራው ስለ አሥረኛ ክፍል ፈተናና ስለ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት መጨመር ነው። በዚያው ሰነድ ውስጥ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት ያግኙ የሚል ሐሳብ አለ። ስለ እሱ ሲከራከር የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። ትንንሾች ጠበቃ የላቸውማ!

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዤ ዞርኩ። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሆነው የጎጃም ልጅ ዛሬ ጠዋት የት ነው ያለው? ከከተማው መሀል ተነሥቼ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ እየራቅሁ ስሄድ መልሱ እንዴት እንደተለዋወጠ ላጫውታችሁ።

ማርቆስ በማለዳ

ደብረ ማርቆስን ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጆሮ እስኪደፍን ወጥቶ ደጀን ሲደረስ የጎጃም ደጋ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ፣ በየአውድማው የጭድ ክምር ቆሞ፣ ከብቱ በየማሳው ተለቆ ሲታይ በዚህ አገር የሚጎድለው ልጅ ያለ አይመስልም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የጥር ጠዋቷ ያንዘፈዝፋል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ብትወጡ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ፣ ወደ ገበያ የሚጣደፍ ጋሪ፣ በቦርሳቸው ብዛት በሩ የማይዘጋ ባጃጅ ታያላችሁ። ባጃጁ ውስጥ ያሉት የአፀደ ሕፃናት ልጆች ናቸው። ተመሳሳይ ሹራብ ለብሰዋል፤ ምሳ ዕቃቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ባጃጁ የሚያወርዳቸው ቀጭኔና ፊኛ ከተሳለበት የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት ነው።

ከእነዚህ በሮች በአንዱ አጠገብ ሻይና አምባሻ ከምትሸጥ ወጣት እናት ጋር ጥቂት ተጨዋወትን። ሁለት ልጆች አሏት። ታላቅየው እዚያው በሩ ውስጥ ኬጂ ሦስት ነው። ታናሽየዋ አራት ዓመቷ ሲሆን ከእናቷ አጠገብ ባለ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የሻይ ማንኪያ ትቆጥራለች።

«እሷስ?» አልኳት።

«ሲስተር፣ የሁለቱን ወርኃዊ ክፍያ አልችለውም። እሱን ጀመርኩት፤ እሱን ልጨርስ። እሷ ለመንግሥቱ ዜሮ ክፍል ትደርሳለች» አለችኝ።

ልጅቷ ማንኪያዎቹን እስከ ስምንት ድረስ ቆጠረች፤ ከዚያ አሥር አለች። ዘጠኝን የሚያስተምራት ሰው ብቻ ነው የጎደላት።

የኔታ ዘንድ

ጎጃም ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ባዳ አይደለም። «ቅድመ መደበኛ» የሚባል ስም ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የጎጃም ልጅ በደብሩ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር፣ የኔታ ፊት ተቀምጦ በስንጥር ፊደል ይቆጥር ነበር። ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዲማን፣ ዋሸራንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች የቆሙት ከዚህ ትንሽ ልጅ ጉባኤ ላይ ነው። የዚሁ አገር ልጅ የሆኑት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱትና በኋላም የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የበቁት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው።

በአንድ የደብረ ማርቆስ ደብር ግቢ ዛሬም ይህንኑ አየሁ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በአንድ ድምፅ ያነባሉ። አንዱ ሲሳሳት የኔታ ሳይዞሩ በድምፁ ለይተው ያርሙታል። ጆሯቸው ይገርማል። ግማሾቹ ልጆች ከሰዓት በኋላ ዜሮ ክፍል የሚሄዱ ናቸው።

የኔታ ትምህርት ቤት ለአገሩ ያደረገውን ውለታ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በሁላችን ዘንድ የታወቁ ወሰኖች ነበሩት። ሴት ልጅ እምብዛም አትላክም ነበር። የኔታ የሚኖሩት ወላጅ እንደ አቅሙ በሚሰጠው ስለሆነ ደኸየት ያለ ቤት ልጁን ለመላክ ያፍራል። ደብር ሰፈሩን ካልቀረበ ደግሞ ልጁ አይደርስም። እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ሴት ልጅን፣ ክፍያንና ርቀትን፣ ልብ በሉልኝ። ከየኔታ ዛፍ ሥር ወጥተን ሲሚንቶ የተሠራ ክፍል ስንገባም ሁለቱ አብረውን ይገባሉና።

ዜሮ ክፍል እንዴት መጣ?

በደርግ ዘመን በየከተማው በቀበሌ የሚተዳደሩ አፀደ ሕፃናት እንደነበሩ የኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። ገጠሩ ግን ያን ጊዜም አልደረሰውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን ቢያውቀውም ሥራው በተግባር የተተወው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ነው። እነዚህ ደግሞ የሚሠሩት ከፋይ ባለበት ከተማ ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ ልጆችን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይ፣ በደቡብና በአዲስ አበባ ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት፣ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፀደ ሕፃናት ገብተው ሲያገኝ ከገጠር ልጆች የገቡት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። አፀደ ሕፃናት ሊከፈት በማይችልበት ቦታ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለስድስት ዓመት ልጆች የአንድ ዓመት «ዜሮ ክፍል» ይከፈት፤ እሱም ካልተቻለ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሾች በጨዋታ የሚያስተምሩበት «ከልጅ ለልጅ» የሚባል ዘዴ ይጀመር ተባለ። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በ2003 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ ቅድመ መደበኛ የገቡት። በ2008 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ተጠግተዋል። ከዜሮ ክፍል በፊት ያለውን ዘመን ለምናውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩ የሚነግረን ግን ስንት ልጅ እንደተመዘገበ ነው። ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት መሄድ ያስፈልጋል።

በጎዛምን መንገድ ዳር

ደብረ ማርቆስን እንደ ቀለበት የሚከባት የጎዛምን ወረዳ ነው። ከከተማው ወጥቼ ባሕር ዛፉን አልፌ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት ተቀብለው ዜሮ ክፍሉን አሳዩኝ። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። ወንበሮቹ ከትልልቆቹ ክፍል የተረፉ ስለሆኑ የልጆቹ እግር መሬት አይነካም፤ ሁሉም እግራቸውን ያወዛውዛሉ። መቁጠር ስለማልተው ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ ስምንት ናቸው። ከመካከላቸው ሦስቱ ወይም አራቱ ከአራት ዓመት የማይበልጡ፣ ታላላቆቻቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ማን ይመልሳቸው?

መምህርቷ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት። ማስተማሪያ የሚሆን የተገዛ ዕቃ የላትም። በቤቷ ያጠራቀመችው የለስላሳ ቆርኪ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና በጭቃ የተሠሩ ፊደሎች ግን በቅርጫት አሏት። «ሀ»ን ከጭቃ ሠርተው በፀሐይ አድርቀዋል። ልጆቹ ቆርኪውን በአምስት አምስት እየከመሩ ሲቆጥሩ አየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ከሚከፈልበት ቤት ከማየው የበለጠ ነገር ነው ያየሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጥግ ተቀመጥን።

«ሥልጠና ወስደሻል ልጄ?»

«አንድ ጊዜ ክረምት ላይ ዐሥር ቀን ሰልጥነናል ሲስተር። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ከራሴ ነው።»

«ደመወዝሽስ?»

ሳቅ አለች። «ወላጆች ያዋጣሉ። እህል ሲገባ ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ማን ይሰጣል? እነሱም የላቸውም እኮ። ባለፈው ዓመት የነበረችው ልጅ ለዚህ ነው ዓረብ አገር የሄደችው። እኔም እስከ መቼ እንደምቆይ እንጃ።»

ይህን የምነግራችሁ ያን ትምህርት ቤት ለመውቀስ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ከሌላቸው ነገር ላይ ክፍል ከፍተዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ተመልከቱ። የኔታ ከወላጅ በሚያገኙት ይኖሩ ነበር፤ ይህችም ልጅ ከወላጅ በምታገኘው ትኖራለች። ስሙ የመንግሥት ክፍል ተባለ እንጂ ከፋዩ ያው ገበሬው ነው። የወላጅ መዋጮ ላይ የቆመ ክፍል ደግሞ መዋጮው ባቆመ ዕለት ይዘጋል። የሚቀጥለው መምህርት ቆርኪ መሰብሰቡን ከሀ ትጀምራለች።

በነርስ ዓይን

አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የያዝኩት ልማድ ነውና ልጅ ሳይ መጀመሪያ የማየው ፊደሉን አይደለም። ዓይኑን፣ እግሩንና ቁመቱን ነው።

በዚያ ክፍል ዓይናቸው ማዝ የተነካ፣ ዝንብ የሚያስቸግራቸው ልጆች ነበሩ። የአማራ ክልል በዓይን ማዝ ከሀገሪቱ እጅግ ከተጎዱት ነው፤ መድኃኒቱ በዘመቻ ቢታደልም ፊት መታጠብ በየዕለቱ ካልታከለ ተመልሶ ይመጣል። ክፍሉ በር ላይ ከታች የተበሳ ጀሪካን በውኃ ሞልቶ መስቀል ብቻውን ስልሳ ስምንት ፊት ያጥባል። ባዶ እግራቸውን የመጡም ነበሩ። በዚህ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር እብጠት እንደሚያመጣ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ሽማግሌዎች ያውቁታል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ቁመታቸው ነው። ስድስት ዓመት የሞላቸው ናቸው የተባሉት ብዙዎቹ አራት ዓመት ተኩል ይመስላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሀገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 46ቱ በዕድሜያቸው ሊደርሱበት ከሚገባው ቁመት አጥረዋል። በሀገር ደረጃ 38 ነበር። ሜዳው ጭድ የሞላበት፣ ለአዲስ አበባ ጤፍ የሚልክ አገር ልጆቹ ቀጭጨዋል። «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። እህል መኖሩና ልጅ በሳህኑ እንቁላል፣ ወተት፣ አተር፣ ጎመን ማግኘቱ አንድ አይደለም።

መቀጨጭ የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አእምሮ እጅግ በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ስለሆነ ያኔ የጎደለ ምግብና ጨዋታ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ይታያል። «ታዲያ ከዘገየ ምን ይደረጋል?» ለምትሉ አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ 129 የቀጨጩ ሕፃናትን የያዘ ጥናት ተደረገ። ለከፊሎቹ የጤና ረዳቶች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ በቀላል መጫወቻ ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ ለእናቶቹ ለሁለት ዓመት አሳዩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሲፈለጉ፣ ይህን ጨዋታ ያገኙት ካላገኙት በ25 በመቶ ያህል የተሻለ ገቢ ነበራቸው። መጫወቻውን ብታዩት በቤት የተሠራ ነገር ነው። የጎዛምኗ መምህርት ቆርኪ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም ማለት ነው።

ሮብ ገበያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ እየቀዘቀዘ፣ ጤፉ ለገብስ፣ ገብሱም ለድንችና ለእንግዶ ቦታ እየለቀቀ ወደ ጮቄ ይሄዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም፣ ለዓባይ ብዙ ገባሮችን የሚያወርድ ተራራ ነው። በግርጌው ካሉት ከተሞች አንዷ የስናን ወረዳዋ ሮብ ገበያ ናት። ስሟ እንደሚነግራችሁ ገበያዋ ረቡዕ ነው፤ እኔም የሄድኩት በረቡዕ ነው።

በገበያው ጠርዝ ድንች የሚሸጡ እናት አጠገብ አንድ የልጅ ልጃቸው ቆሟል። ስድስት ዓመት ይሆነዋል። በአንድ እጁ የጠቦት ገመድ ይዟል።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? ይህ ልጅ ትምህርት አልገባም?»

«አልገባም ልጄ። ዘንድሮ ይግባ ብለን አባቱ ወስዶ አስመዝግቦት ነበር። ትምህርት ቤቱ ተወንዙ ማዶ ነው። ለእኔ አንድ ሰዓት ያስኬደኛል፤ ለእሱ እንግዲህ አስቢው። መስከረም ላይ ወንዙ ገና አልጎደለም፤ ማን ያሻግረው? ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጩ። እግሩ አጭር ነው እኮ። ሰባት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ይገባል።»

ልጁን «እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» አልኩት። አፈረና አያቱ ነጠላ ውስጥ ገባ። አያትየው ግን «ሃያ ሦስት በግ ይቆጥራል፤ አንዷ ከጎደለች ያውቃል» ብለው መለሱልኝ። ልጁ ደንቆሮ እንዳይመስለኝ ፈርተው ነው። እንዲያ አላሰብኩም። ሃያ ሦስት የሚቆጥር የስድስት ዓመት ልጅ በየትኛውም አገር ጎበዝ ነው።

በሚመጣው ዓመት ይህ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ሲገባ እርሳስ ይዞ አያውቅም፤ ከቤተሰቡ ውጭ ካለ ትልቅ ሰው ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። የከተማው ልጅ በዚያው ዓመት ሦስት ዓመት ኬጂ ጨርሶ አንደኛ ክፍል ይገባል። መጽሐፋቸው ግን አንድ ነው፤ ፈተናቸውም አንድ ነው። በሀገራችን ልጆች ከየትኛውም ክፍል ይልቅ በብዛት ትምህርት የሚያቋርጡት በአንደኛ ክፍል መሆኑ ለዚህ አይገርምም። መምህሩ አልደረሰለትም፤ ልጁም እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ወደ በጎቹ ይመለሳል።

ከጤና ጣቢያ የተማርነው

«አገሪቱ ለአንደኛ ክፍል እንኳ መጽሐፍ አላዳረሰች፤ ለአራት ዓመት ልጅ ከየት ታመጣለች?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የምመልሰው ከማውቀው ሥራ ተነሥቼ ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንዲት የገጠር እናት ልጇን ለማስከተብ የግማሽ ቀን መንገድ ትሄድ ነበር። ብዙዎቹ አይመጡም ነበር፤ አባቶች ግን «እናቶቹ ሰነፉ» ይሉ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የቀበሌው ሴት ልጆች ተመረጡ፤ አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ተከፈተላቸው። ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍላል። ዛሬ ከ30,000 በላይ ናቸው። ያኔም «ከየት ይመጣል?» ተብሎ ነበር። መጣ። እናቶቹ ሰንፈው እንዳልነበረም ታወቀ፤ አገልግሎቱ ሲቀርብ መጡ።

እስቲ አስተያዩት። የጎዛምኗ መምህርት አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የቀበሌዋ ልጅ ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚለያት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ የመንግሥት ደመወዝና ለሰፈር የቀረበ ቤት። ዜሮ ክፍል እነዚህ ሦስቱ ይጎድሉታል። እነሱ ሳይሟሉ ፍኖተ ካርታው እንደሚለው አንዱ ዓመት ሁለት ቢሆን፣ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ መዋጮ፣ ያችኑ መምህርት ይዘን ስልሳ ስምንቱን ልጅ መቶ ሠላሳ ስድስት አደረግነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት መባሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ማን ይከፍላል?» እና «ከየትኛው ቤት ስንት ይርቃል?» የሚለው ነው።

ዓለምም ወደዚሁ እየሄደ ነው። ሀገራችን ከሌሎች ጋር በተቀበለችው የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም.፣ ወንድም ሴትም ልጅ ሁሉ ጥራት ያለው ቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲያገኝ ቃል ተገብቷል። ሁሉ ሲባል የሮብ ገበያውም ልጅ ነው። እዚህ ላይ ጤና ኬላው ራሱ ሊረዳ ይችላል። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለ ሰፈር ልጆች በጤና ኬላው ወይም በደብሩ አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሰበሰቡ፣ መምህርቷ ወደ ልጆቹ ብትሄድ፣ ወንዝ መሻገር አያስፈልግም። ትልቅ ሰው ይሂድ እንጂ ሕፃን ለምን ይሄዳል?

እኛስ ምን እናድርግ?

መንግሥት እስኪያደርሰው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በተለይ እናንተ አያቶች፣ ይህ ዕድሜ የእናንተ ነው። ተረት ንገሯቸው፤ ጨርሳችሁ ስትነግሯቸው ደግሞ እነሱ መልሰው ይንገሯችሁ። እንቆቅልሽ ጠይቋቸው። ገበጣ አጫውቷቸው፤ ገበጣ ውስጥ መደመርም መቀነስም አለ። ሽንብራና ባቄላ ቀላቅላችሁ እንዲለዩ ስጧቸው። ቁርስ ላይ ቆሎ ብቻ አትስጡ፤ ለገበያ ከምታወጡት እንቁላል ሁለቷን በሳምንት ለልጁ አስቀሩ። ፊቱን በየጠዋቱ ታጥቦ ይውጣ።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የአራት ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ «ሀ» እንዲጽፍ አታስጨንቁት። ጣቱ ገና አልጠነከረም። ትምህርት ቤቱ ብዙ የቤት ሥራ ስለሰጠ ጥሩ ነው ብላችሁ አትመኑ። በከተማ ያየኋቸው አንዳንድ ልጆች በቦርሳቸው ክብደት ሲጎብጡ፣ የጎዛምኖቹ በቆርኪ ሲስቁ፣ የትኞቹ እንደሚማሩ ግልጽ ነበር። ሴት ልጆቻችሁንም እኩል ላኩ። ሻይ ሻጯ እናት ሁለቱን መክፈል ስላቃታት የቀረችው ሴቷ መሆኗን አትርሱ። ክፍያ ባለበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የምትቀረው እሷ ናት።

በመጨረሻም፣ በትምህርት ቤታችሁ የወላጅና የመምህራን ስብሰባ ሲጠራ፣ ቀበሌውም ሲሰበስብ፣ ሂዱ። ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚናገር አይጠፋም። እናንተ ግን እጃችሁን አውጥታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። «የዜሮ ክፍሏን መምህርት ደመወዝ መንግሥት የሚከፍለው መቼ ነው? ከቀበሌያችን የመጨረሻው ቤት እስከ ክፍሉ ድረስ ለአምስት ዓመት ልጅ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» መልሱን የማያውቅ ኃላፊ ካለ፣ የልጁን እጅ ይዞ አብሮት ይሂድና ይለካው።